ሽማግሌ የማያስታርቀው ጥፋት

ባለፈው ክረምት አንድ ጓደኛዬ ደወለና «ቡና ልጋብዝህ፣ የማሳይህ ነገር አለ» አለኝ። ፈረንጅ አራዳ ተገናኘን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ የጅማን ክረምት መቼም ታውቁታላችሁ። ቡናው ሳይቀርብ ስልኩን አውጥቶ አቀበለኝ። የጆርናል ፔፐር ነው። አርእስቱን አየሁ፣ አጭር መግለጫውን አነበብኩ፣ ደስ አለኝ። «ጎበዝ፣ መቼ አወጣኸው?» አልኩት።

«እኔ አላወጣሁትም» አለኝ።

የራሱ የማስተርስ ቴሲስ ነው። ከመግቢያው እስከ መደምደሚያው፣ የሰዋስው ግድፈቶቹ እንኳ ሳይቀሩ። ደራሲ ተብለው የሰፈሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛውን በስምም አያውቀውም። ሁለተኛውን ግን ያስታውሰዋል፤ ከዓመታት በፊት አንድ ስልጠና ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ፍላሽ አውሶት ነበር። በቃ፣ አንድ ፍላሽ።

የተቀየረው ነገር አንድ ብቻ ነው፣ የናሙናው ቁጥር። ጓደኛዬ 384 ሰው ነበር የጠየቀው፤ ፔፐሩ ላይ 422 ሆኗል። እዚህ አገር ጥናት የሠራ ሰው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች እንደ ስልክ ቁጥሩ ያውቃቸዋል። ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለብህ የሚነግርህን ቀመር ስታሰላው 384 ይመጣል፣ «መልስ የማይሰጥ አይጠፋም» ብለህ 10 በመቶ ስትጨምርበት 422 ይሆናል። ሰዎቹ ቁጥሩን ሲቀይሩ ሠንጠረዦቹን መንካት ረስተዋል፣ ወይ ሰንፈዋል። ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች ብትደምሯቸው አሁንም የሚመጣው 384 ነው። ይህንን ፔፐሩን ከመታተሙ በፊት የሚመረምረው ገምጋሚ አላየውም፣ አርታኢም አላየውም።

ጓደኛዬ ለጆርናሉ ኢሜይል ጻፈ። ስሙን አልጠራውም፣ ከጅማ ውጭ የሚታተም ነው። አርታኢው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደንግጦ በዚያው ቀን ደወለ። ችግሩ ከደራሲዎቹ አንዱ የሥራ ባልደረባው መሆኑ ነው። «የሰው እንጀራ ነው፣ ልጆች አሉት፣ እባክህ በሽምግልና እንጨርሰው» አለ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ገቡበት፣ ይቅርታ ተጠየቀ። ጓደኛዬ ትልቅ ሰው ሲለምነው እምቢ ማለት አይችልም፣ «እሺ» አለ። በሳምንቱ ፔፐሩ ከድረ ገጹ ላይ ጠፋ። ለምን እንደጠፋ የሚል አንድ መስመር እንኳ የለም። ሁሉም ተጨባብጦ ወደየቤቱ ሄደ።

እኔ ግን ተናደድኩ። የተናደድኩት በሌባው ብቻ አይደለም፤ ጉዳዩ በተዘጋበት መንገድም ነው።

ሽምግልናን እየናቅሁ አይደለም። እዚህ አካባቢ ስንት የድንበር ጠብ፣ ስንት ትዳር፣ ስንት የቡና ገበያ ዕዳ በጃርሱማ፣ በኦሮሞ ሽምግልና፣ ተፈትቷል። ግን ሽምግልና የሚሠራው በዳይና ተበዳይ ሁለቱም ፊት ለፊት ሲቀመጡ ነው። የታተመ ጥናት ላይ ትልቁ ተበዳይ እዚያ የለም። አንባቢው ነው። 422 ሰው ተጠይቋል ብሎ አምኖ ስሌቱን የሠራው ሌላ ተመራማሪ ነው፣ ጥናቱን አይቶ በጀት የሚመድበው የጤና ቢሮ ባለሙያ ነው፣ በመጨረሻም አልጋ ላይ የተኛው ሕመምተኛ ነው። እነሱን ማን ይቅርታ ጠየቃቸው? ማንስ ነገራቸው? ጓደኛዬ የራሱን በደል ይቅር ማለት ይችላል፤ የእነሱን ግን ይቅር የማለት ሥልጣን የለውም።

እስቲ ከመነሻው እንየው። በጥናት ላይ የሚፈጸም ትልቅ ጥፋት ሦስት ነው ይባላል፦ የሌለ ዳታ መፍጠር፣ ያለውን ማጣመም፣ የሰው ሥራ መስረቅ። ስርቆቱ ብዙ ይወራለታል፣ ምክንያቱም በቀላሉ ይታያል፣ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጠህ ማሳየት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ የመጀመሪያው ነው።

ከዓመታት በፊት ወደ ሰቃ ጨቆርሳ አቅጣጫ አንድ ጥናት ላይ የዳታ ሰብሳቢዎች ሱፐርቫይዘር ሆኜ ወጥቼ ነበር። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ቀበሌው ሩቅ ነው፣ አበሉ ትንሽ ነው። አንድ ቀን ሳልነግራቸው ሄድኩ። ሁለቱ ልጆች ሻይ ቤት ቁጭ ብለው፣ ሻያቸውን እየጠጡ፣ መጠይቁን እየተቀባበሉ ይሞላሉ። አንዱ «ዕድሜ?» ይላል፣ ሌላው «37 በለው» ይላል። ልቆጣቸው ሄጄ ሳቄ መጣ። በኋላ ማታ የሞሉትን ከእውነተኞቹ ጋር ሳስተያይ ግን ሳቁ ጠፋ፤ የውሸቱ መጠይቅ ከእውነተኛው የበለጠ ያምራል! ገጠር ውስጥ ብዙ ሰው ዕድሜውን በግምት ነው የሚናገረው፣ ስለዚህ እውነተኛው ዳታ ላይ ሰዉ ሁሉ 30፣ 35፣ 40 ላይ ይከማቻል። የእነሱ ግን 31፣ 37፣ 43 እያለ ደልደል ብሎ ተበታትኗል። ያልተሞላ ሣጥን የለም፣ የተሰረዘ ነገር የለም። እኔ በዚያች ቀን ባልሄድ ኖሮ ያ ዳታ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ፣ ተተንትኖ፣ ገምጋሚ አልፎ ይታተም ነበር። ማንም አያውቅም ነበር።

ከሦስቱ ትልልቆች በታች ደግሞ «ይሄ እኮ ሁሉም የሚያደርገው ነው» የምንላቸው አሉ። አንድ ጥናት እንደ ቅርጫ ሥጋ ተመድቦ አራት ቦታ ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ፤ አንዱ ፔፐር ስለ እናቶች ዕውቀት፣ አንዱ ስለ አመለካከታቸው፣ አንዱ ስለ ተግባራቸው፣ የተጠየቁት ሰዎች ግን ያው ናቸው፣ ፔፐሮቹም ስለ እርስ በርሳቸው ትንፍሽ አይሉም። አንድን ፔፐር በአንድ ጊዜ ለሁለት ጆርናል መላክም አለ። ገምጋሚ ሆኖ የሰውን ሐሳብ ይዞ መሄድም አለ፣ «የእኔን አምስት ፔፐሮች ካልጠቀስክ አላሳልፍህም» ማለትም አለ።

ከሁሉ የተለመደው ግን ስጦታ ደራሲነት ነው። ኃላፊ ስለሆነ ስሙ ይገባል። ለፕሮሞሽን አንድ ፔፐር ስለጎደላት ስሟ ይገባል። ዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች ኮሚቴ ደራሲ ለመባል አራት ነገር ይጠይቃል፤ በሐሳቡ፣ በዳታው ወይም በትንተናው ላይ ቁም ነገር ያለው ሥራ መሥራት፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም ይዘቱን ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ አይቶ መፍቀድ፣ ጥያቄ ሲነሳ ደግሞ አብሮ ተጠያቂ መሆን። አራቱንም ነው የሚለው። እኛ ጋ አራተኛዋ ትዝ የምትለን ነገር ሲበላሽ ብቻ ነው። ያ ጓደኛዬ በስም የማያውቀው ሰውዬ፣ በኋላ እንደሰማነው፣ ፔፐሩን አንብቦት አያውቅም። የማተሚያ ክፍያውን ግማሽ ስለከፈለ ነው ስሙ የገባው። ግማሹን ከፍሎ ሙሉ ውርደት ገዛ።

ይህ የእኛ በሽታ ብቻ ነው ብላችሁ አንገታችሁን እንዳትደፉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አንድሩ ዌክፊልድ የሚባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1998 ላንሴት በሚባለው የሕክምና ጆርናል ላይ 12 ሕፃናትን ይዞ አንድ ፔፐር አወጣ፤ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላን ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር የሚያነካካ። በ2004 አብረውት ከጻፉት 10 ሰዎች ትርጓሜውን አንቀበልም ብለው ወጡ። ጆርናሉ ፔፐሩን ሙሉ በሙሉ የሻረው ግን በ2010 ነው። 12 ዓመት! በእነዚያ ዓመታት ወላጆች ክትባት እየፈሩ ቀርተዋል፣ ኩፍኝም ተመልሶ መጥቷል። ዛሬም ድረስ ፔፐሩን የሚያምን ሰው አለ። ስርዓቱ የት እንደሄደ የጠፋበት 12 ዓመት ነው ይሄ።

በሌላ በኩል 2020ን ተመልከቱ። ኮቪድ በተጋጋለበት ሰሞን ያው ላንሴት፣ ሰርጂስፊር ከሚባል ድርጅት በመጣ ዳታ ላይ የተመሠረተ አንድ ፔፐር ግንቦት 22 አወጣ። 671 ሆስፒታሎች፣ 96,032 ሕመምተኞች ይላል። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ይጎዳል የሚል ነበርና የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ መድኃኒት ላይ የጀመረውን ሙከራ ለጊዜው አቆመ። ከ100 በላይ ተመራማሪዎች ግን ተሰባስበው ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ የእኛው አህጉር ነው። በፔፐሩ መሠረት አፍሪካ ውስጥ ከነበሩት የኮቪድ ሕመምተኞች ሩብ ያህሉ በዚህ ድርጅት ኮምፒውተር ውስጥ ተመዝግበዋል ማለት ነው። የእኛን ካርድ ክፍል የሚያውቅ ሰው ይሄን ሲሰማ ምን እንደሚል ገምቱ። ድርጅቱ ዳታውን አሳይ ሲባል አላሳየም፣ ሰኔ 4 ፔፐሩ ተሻረ። በ13 ቀን። በዚያው ቀን ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስንም ከዚያው ድርጅት ዳታ የተሠራ ሌላ ፔፐር ሻረ።

ከ12 ዓመት ወደ 13 ቀን ያወረደው የሰዉ ጥሩነት አይመስለኝም። ጥያቄው በአደባባይ፣ በጽሑፍ፣ በማስረጃ መምጣቱ ነው።

ስለ ፋብሪካዎቹም ላንሳ። ፔፐር እንደ ሳሙና እያመረቱ የደራሲነት ቦታ የሚሸጡ ድርጅቶች አሉ። ዋይሊ የተባለው አሳታሚ በ2021 ሂንዳዊ የሚባለውን ሌላ አሳታሚ በ298 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በልዩ እትሞቹ በኩል ይህ ሁሉ ጉድ ሲገባ ነበርና በ2023 ብቻ ከ8,000 በላይ የሂንዳዊ ፔፐሮች ተሻሩ። እነዚህ ሰዎች ኩረጃ መፈለጊያ ሶፍትዌሩን ለማምለጥ ቃላትን በማሽን ይለውጣሉ። «አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ» የነበረው በእንግሊዝኛ «ሐሰተኛ ንቃተ ህሊና»፣ የጡት ካንሰር ደግሞ «የደረት አደጋ» ሆኖ ቁጭ ይላል። ገምጋሚ አነበበው ተብሎ ነው እንግዲህ።

በ2013 ደግሞ ጆን ቦሃነን የሚባል ጋዜጠኛ ለሳይንስ መጽሔት አንድ ወጥመድ ሠራ። ሆን ብሎ ስህተት የሞላበት የውሸት ፔፐር አዘጋጅቶ ለ304 ጆርናሎች ላከ፣ 157ቱ ተቀበሉት። የፈጠራ ደራሲውን የት አገር ሰው እንዳደረገው ታውቃላችሁ? አስመራ የሚገኝ፣ በእውነቱ የሌለ የሕክምና ተቋም ተመራማሪ ነው ያለው። ከዚህ አካባቢ የመጣ ስም ማንም አጣርቶ አይመለከተውም ብሎ አስቧል ማለት ነው። ይሄ ትንሽ ይቆጠቁጣል። ኢሜይላችሁን ስትከፍቱ «የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ድንቅ ሥራዎን አንብበን…» የሚለውም የሚመጣው የላኩላቸውን ሁሉ ከሚቀበሉት ከእነዚህ ጆርናሎች ሰፈር ነው። እኔ ፕሮፌሰር አይደለሁም፤ ደብዳቤው ግን በየሳምንቱ ይደርሰኛል።

እሺ፣ ታዲያ ጥፋት ሲገኝ ምን ይደረግ? ይሄ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልገውም። በ1997 እንግሊዝ አገር ጥቂት የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች ተሰብስበው «ይሄ ነገር እኛም ጋ አለ፣ እናንተስ ጋ?» ተባባሉና ኮፕ የሚባለውን የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ አቋቋሙ። ለእያንዳንዱ ዓይነት ጥፋት ደረጃ በደረጃ «ይሄን ካገኘህ ይሄን አድርግ» የሚል በሥዕል የተቀመጠ መንገድ አላቸው። በነፃ ይወርዳል። አትሞ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው።

መንገዱ ሲታይ ቀላል ነው። አቤቱታ መጣ። ስም ባይኖረውም አይጣልም፤ የሚታየው ማስረጃው ነው እንጂ ላኪው አይደለም። አርታኢው ከደራሲዎቹ አንዱን በቅርብ የሚያውቀው ከሆነ ፋይሉን ለሌላ ሰው ያስረክባል። እዚህ ላይ ጅማዎች ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም። የቡና ናሙና ሲቀመስ ኮድ ነው የሚሰጠው፤ ቀማሹ የአጎቱ ቡና ይሁን የጠላቱ እንዳያውቅ። ማንም ነጋዴ «ቀማሹን አልተማመንም ማለት ነው ወይ» ብሎ አይቆጣም። ለቡና የምናደርገውን ጥንቃቄ ለጥናት ለምን እንነፍገዋለን?

ከዚያ ደብዳቤ ይጻፋል። ለሁሉም ደራሲዎች፣ ለአንዱ ብቻ አይደለም። ያ ስሙ በስጦታ የገባው ሰውዬ ብዙ ጊዜ ጉዱን የሚሰማው እዚህ ጋ ነው። ደብዳቤው «ሌባ» አይልም። «ይህ ጥያቄ ቀርቦልናል፣ ማስረጃው ይኸውና፣ እስከዚህ ቀን ማብራሪያ ስጡን» ይላል። የቃሉ አመራረጥ ጌጥ አይደለም፤ ሰውዬው ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ፎቶ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፣ ፋይል ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል፣ ከሳሹ ራሱ የዲፓርትመንት ቂም ይዞ ሊሆን ይችላል። የዲፓርትመንት ቂምን የማያውቅ ይኖራል? እንዲህ ዓይነት ነገር በጽሑፍ ካልሄደ ሰውዬው የሚፈረድበት መምህራን ሻይ በሚጠጡበት ጠረጴዛ ላይ ነው፣ እዚያ ደግሞ ይግባኝ የለም።

መልስ ካልመጣስ? ወይም የመጣው መልስ የማያጠግብ ከሆነ? ጉዳዩ ሰዎቹ ወደሚሠሩበት ተቋም ይሄዳል። ጆርናል ፖሊስ አይደለም፤ የላብራቶሪ ደብተር መበርበር፣ ዳታ ሰብሳቢዎችን መጠየቅ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ መኖሩን ማጣራት የተቋሙ ሥራ ነው። ጆርናሉ ማድረግ የሚችለው መጠየቅ፣ ዝም ሲሉት እንደገና መጠየቅ፣ ምርመራው ሲጓተት ደግሞ ፔፐሩ ላይ «ጥያቄ ተነስቶበታል» የሚል ማሳሰቢያ መለጠፍ ነው።

ከዚያ ነው ሪትራክሽን የሚመጣው፣ መሻር። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። መሻር ማለት ማጥፋት አይደለም። የተሻረ ፔፐር እዚያው ቦታው ላይ ይቆያል፣ በየገጹ «ተሽሯል» የሚል ይታተምበታል፣ ከጎኑ ማን እንደሻረውና ለምን እንደሻረው የሚናገር ማስታወቂያ ይወጣል፣ ማስታወቂያውም ገንዘብ ሳይከፈል የሚነበብ መሆን አለበት። ፔፐሩ ራሱ የሚነሳው በጣም አልፎ አልፎ ነው፤ የሕመምተኛ ምስጢር ወጥቶ ከሆነ፣ ሕግ ካዘዘ፣ ወይም መተዉ ሰውን የሚጎዳ ከሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፔፐሩ አንዴ ከወጣ በኋላ በየስልኩ፣ በየቴሌግራም ቻናሉ፣ በየተማሪው ፎልደር ውስጥ አለ። ከድረ ገጽ ስታጠፋው ከሰው እጅ አላጠፋኸውም። ያጠፋኸው ስህተት መሆኑን የሚያውቅበትን መንገድ ብቻ ነው።

ደግሞ መሻር ሁልጊዜ ውርደት አይደለም። ፍራንሲስ አርኖልድ በ2018 በኬሚስትሪ ኖቤል ያገኘች ሳይንቲስት ናት። በ2019 ሳይንስ መጽሔት ላይ ከባልደረቦቿ ጋር ያወጣችው ፔፐር ሲደገም አልሠራ አለ፣ የላብራቶሪ ደብተሩም ጎዶሎ ሆኖ ተገኘ። በ2020 መጀመሪያ ሻሩት። እሷም ራሷ ትዊተር ላይ ወጥታ ሥራ በዝቶብኝ ነበር፣ በደንብ አልሠራሁትም ብላ ለሁሉም ይቅርታ ጠየቀች። ኖቤሏን ማንም አልቀማትም። እኛ ጋ ግን ስህተት ያገኘ ሰው እንኳ «ልሻረው» ለማለት ይፈራል፣ ምክንያቱም የተሳሳተና የሰረቀ ሰው የሚታዩበት ዓይን አንድ ነው። ይሄ ካልተለየ ቅኑ ሰው ይደብቃል፣ ሌባውም ከቅኑ ጀርባ ይደበቃል።

ወደ ራሳችን ልመለስ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከ1952 ጀምሮ ከነበረው የእርሻ ኮሌጅና በ1983 ከተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ውህደት በ1999 የተወለደ ነው። የኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ ጆርናልን የመሳሰሉ ከአገር ውጭ ጭምር የሚነበቡ ጆርናሎችን ያትማል። መፈክሩ «በማኅበረሰቡ ውስጥ ነን» ነው፣ ተማሪዎቹም በየመንደሩ ወርደው ነው የሚማሩት። ይህ ማለት በዙሪያችን ያለው ገበሬ፣ ቡና ለቃሚዋ፣ ጠላ ሻጭዋ ስንት ጊዜ መጠይቅ ተሞልቶባቸዋል። አንዲት እናት «ባለፈውም መጥታችሁ ስንት ልጅ አለሽ ብላችሁኛል፣ አልጨመርኩም» ብለውኛል። እኚህ ሴት ቡናቸውን ቆልተው፣ ሥራቸውን ትተው የሰጡን ጊዜ ነው ሠንጠረዥ የሚሆነው። አንዱ ያንን በፍላሽ ወስዶ ላያቸው ላይ 38 የሌሉ ሰዎችን ሲጨምርባቸው የተሰረቀው የጓደኛዬ ቴሲስ ብቻ ነው ማለት ይከብደኛል።

ለምን እዚህ ደረስን ካላችሁ፣ አንዱ መልስ የፕሮሞሽኑ ስሌት ነው። ሌክቸረር ከሆንክ በኋላ ወደ ላይ የምትወጣው በዋናነት በፔፐር ነው፣ ፔፐር ደግሞ ይቆጠራል እንጂ አይነበብም። አብዛኛው የአገር ውስጥ ጆርናል አርታኢ ያለ በቂ ክፍያ፣ ከማስተማሩ ጎን፣ ማታ ማታ ነው የሚሠራው። ኩረጃ መፈለጊያ ሶፍትዌር ቢኖረው እንኳ የሚያምነው ፐርሰንቱን ነው። «ከ20 በታች ነው፣ አልፏል» ይላል። ፐርሰንት ፍርድ አይደለም፤ 8 በመቶው ሙሉ በሙሉ የተሰረቀው የውጤት ክፍል ሊሆን ይችላል፣ 30 በመቶው ደግሞ የማጣቀሻ ዝርዝርና የተለመደ የአሠራር መግለጫ ብቻ። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ ወይም ወደ አፋን ኦሮሞ ገልብጦ ያመጣውን ሰው ማሽኑ በቀላሉ አይዘውም፤ ያነበበ ሰው ነው የሚይዘው። አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ ተጨምሯል። ኮፕ በ2023 እንዲህ ያለ መሣሪያ ደራሲ መሆን አይችልም ብሏል፣ ለምን ቢባል ተጠያቂ መሆን አይችልምና። በ2024 አንድ ጆርናል በማሽን የተሳለ፣ የሰውነት ክፍሉ ከቅጥ ያለፈ የአይጥ ሥዕል ያለበት ፔፐር አውጥቶ ዓለም ሲስቅበት በሦስት ቀን ውስጥ ሻረው። ሥዕል ስለሆነ ታየ እንጂ ጽሑፍ ቢሆን ኖሮ አላውቅም።

ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። ጆርናሉ አቤቱታ ለማን እንደሚላክ፣ በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥ በድረ ገጹ ላይ ይጻፍ። አንድ ገጽ ይበቃል። አርታኢው ባልደረባውን መመርመር ካቃተው፣ ያቅተዋልም፣ አልፈርድበትም፣ ፋይሉ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ አርታኢ ይሂድ። የጅማውን ሐረማያ ይየው፣ የጎንደሩን ጅማ ይየው። በየቢሮው ጠብ ሳይነሳ፣ ማንም ከማንም ዓይን ሳይሸሽ ነገሩ ያልፋል። ሽማግሌዎቹስ? ይግቡ እንጂ። ፔፐሩ ከተሻረ፣ ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ሰውና ሰውን ያስታርቁ። ቅደም ተከተሉ ነው የተገለበጠው።

ይህንን ለመጻፍ ስነሳ ያንን ሊንክ እንደገና ከፈትኩት። «ገጹ አልተገኘም» ይላል። ከዚያ ጉግል ስኮላር ላይ አርእስቱን ፈለግሁ። ሦስት ጥናቶች ጠቅሰውታል። ሁለቱ የታተሙት ፔፐሩ ከጠፋ በኋላ ነው። አንደኛው የብዙ ጥናቶችን ውጤት ደምሮ የሚያሰላ ነው፤ ሠንጠረዡ ላይ ወረድ ስትሉ የእነዚያ የሁለቱ ሰዎች ስም አለ፣ ከጎኑም የናሙና ብዛት፣ 422።